ከመሳቢያው ያልወጣው ክኒን፦ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ለመጀመር ስንፈራ

አክስቴ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡት ሦስት ወር አልፎት ነበር። ፓኬቱ ተከፍቷል። የወጣው ግን ክኒኑ ሳይሆን አብሮት ያለው ወረቀት ነው። ያ ተጣጥፎ የሚገባው፣ ሲዘረጉት ግማሽ ጠረጴዛ የሚሸፍነው፣ በደቃቅ ፊደል የተሞላው ወረቀት። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ መንጋጋን ሊጎዳ ይችላል የሚለውንም። አጥፈው መለሱት። መሳቢያውንም ዘጉት።

ከዚያ በፊት የሆነው ይህ ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ አደናቅፏቸው ወደቁ። እጃቸውን ዘርግተው መሬቱን ሲደገፉ የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ጄሶው ከወጣ በኋላ ሐኪማቸው የአጥንት ጥግግት ምርመራ አዘዘላቸው፤ ውጤቱ -2.9 ሆኖ መጣ። በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒንም ተጻፈላቸው። ለምን እንዳልጀመሩት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ አጥንቴ እኮ አላመመኝም» አሉኝ። «ያላመመኝን ላክም ብዬ መንጋጋዬን ልጣ?»

በዚህ ንግግራቸው ብዙ አስቤበታለሁ። ሞኝነት አይደለም። የአጥንት መሳሳት ድምፅ የለውም። አያቃጥልም፣ አያሳክክም፣ እንቅልፍ አይነሳም። መድኃኒቱ ግን ከነወረቀቱ፣ ከነማስጠንቀቂያው ይመጣል። አንዱ ዝም ብሎ ሌላው ሲናገር የሚሰማን የተናገረው ነው። አክስቴም ብቻቸውን አይደሉም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የሚዋጠው መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያቋርጡታል። ጭራሽ ያልጀመሩትም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስለ መድኃኒቱ ከማውራታችን በፊት ዝም ያለውን ወገን እንየው።

ዝም ያለው ወገን

አጥንት ሲያዩት ደረቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይሠራሉ። አንደኞቹ ያረጀውን አጥንት ያፈርሳሉ። ሌሎቹ በፈረሰው ቦታ አዲስ ይገነባሉ። እንዲህ እየተፈራረቁ በየዓመቱ ከመላ አጥንታችን አስር በመቶ ያህሉን ያድሱታል። በልጅነትና በወጣትነት ግንባታው ይበልጣል። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሁለቱ ተመጣጥነው ይሄዳሉ። ሴቶች የወር አበባ ሲያቆሙ ግን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል። አፍራሾቹን ይዞ የቆየው ልጓም እሱ ነበር። ልጓሙ ሲላላ አፍራሾቹ ይፈጥናሉ፤ ገንቢዎቹ አይደርሱባቸውም። ወንዶችም አያመልጡም፤ ዘግየት ብሎ ይመጣባቸዋል እንጂ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል።

ይህን የሚለካው ምርመራ ዴክሳ ይባላል። ጋደም ብለው የሚነሱት ነው፤ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው። ውጤቱ ቲ-ስኮር ሲሆን የእናንተን አጥንት ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር ያነጻጽራል። -1 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ከ-1 በታች ወርዶ -2.5 ካልደረሰ መቀነስ ጀምሯል ማለት ነው። -2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ይባላል። መስመሩ የተሰመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያሰመረው የዓለም ጤና ድርጅት ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አያስወስንም። ከቆሙበት ወድቆ መሰበር ከቁጥሩ በላይ ይናገራል፤ ጤናማ አጥንት ከቆሙበት ሲወድቁ መሰበር የለበትምና። ፍራክስ የሚባል የስሌት ዘዴም አለ። በእንግሊዝ በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ ከዚህ በፊት የነበረን ስብራት፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ሲጋራን፣ መጠጥንና የመሳሰሉትን ይጠይቅና በመጪዎቹ 10 ዓመታት የመሰበር ዕድላችሁን በመቶኛ ይነግራችኋል። ሐኪማችሁን «የእኔ የ10 ዓመት ስጋት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ስለ መድኃኒቱ መወሰን ሚዛንን በአንድ ሳህን መመዘን ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ልናገር። በዓለም ዙሪያ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሴቶች ከሦስት አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአምስት አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው አጥንታቸው በመሳሳቱ ምክንያት ስብራት ይደርስባቸዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስት አንዱ ያህል ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ድሮው ራሳቸውን ችለው አይራመዱም። የአከርካሪ ስብራት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ቀሚሱ ከፊት ረዘመ፣ መደርደሪያው ራቀ፣ ጀርባ ጎበጠ ይባላል፤ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አዲስ የአከርካሪ ስብራት ከደረሰባቸው ሴቶች ከአምስት አንዷ በዚያው ዓመት ውስጥ ሌላ ይደገማታል። አንዱ ስብራት ሌላውን ይጠራል። የአክስቴ የእጅ አንጓም እንዲህ ያለ ጥሪ ነበር።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ቢስፎስፎኔት ከሚባለው ቤተሰብ ነው። አሌንድሮኔትና ራይዝድሮኔት በሳምንት አንዴ የሚዋጡ ናቸው። አይባንድሮኔት በወር አንዴ ነው። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንዴ በደም ሥር ይሰጣል። አሠራራቸው ይገርማል። መድኃኒቱ ከአጥንቱ ገጽ ላይ ይጣበቃል። አፍራሹ ሕዋስ አጥንቱን ሊበላ ሲመጣ መድኃኒቱንም አብሮ ይውጠዋል፤ ያኔ ጉልበቱ ይከዳዋል። ፍርስራሹ ሲቀንስ ገንቢዎቹ ጊዜ ያገኛሉ።

«ይሄ እኮ ቧንቧ የሚያጸዱበት ኬሚካል ነው» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ከየት እንደመጣ ላስረዳ። ከቢስፎስፎኔት ዘመዶች አንዳንዶቹ ቧንቧ ውስጥ የኖራ ቅርፊት እንዳይጋገር በፋብሪካ ያገለግሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሄርበርት ፍላይሽና ባልደረቦቹ ሰውነታችን ራሱ የካልሲየም ጠጣርን የሚቆጣጠርበት ተመሳሳይ ንጥረ ነገር እንዳለው አገኙ። ያ ግን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። የማይፈርስ ዘመዱን ሲፈልጉ ነው እዚህ የደረሱት። ካልሲየም ላይ መጣበቅ መቻሉ ቧንቧ ላይም አጥንት ላይም ጠቀመ። ውኃም እኮ ሞተር ያቀዘቅዛል፤ እኛም እንጠጣዋለን።

አሌንድሮኔት በአሜሪካ ለአጥንት መሳሳት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ለዚህ ሕመም በጣም ከተጠኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ አንድ ጥናት ላይ ቀድሞ የአከርካሪ ስብራት የነበረባቸው 2,027 ሴቶች ለሦስት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። አስመሳዩን ከወሰዱት 15 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ስብራት በራጅ ታየባቸው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 8 በመቶው። የዳሌ ስብራት ከ2.2 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ወረደ። በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት የአከርካሪ ስብራትን በሦስት ዓመት ውስጥ ከ10.9 በመቶ ወደ 3.3 በመቶ አወረደው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። «የዳሌ ስብራትን በግማሽ ይቀንሳል» ማለትና «ከ100 ሰው አንዱን ያድናል» ማለት ከላይ ባለው ጥናት አንድ ነገር ናቸው። የመጀመሪያው ያጓጓል፤ ሁለተኛው «ለአንድ ሰው ብዬ?» ያሰኛል። ሁለቱንም መስማት መብታችሁ ነው። የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ ግን ከእናንተ ስጋት ጋር ተገናኝቶ። የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ከፍ ይላል፤ ዝቅ ያለ ሰው የሚያገኘው ዝቅ ይላል። ውጤቷ -1.5 የሆነ፣ ተሰብራ የማታውቅ፣ የ52 ዓመት ሴት «አሁን አልጀምርም፣ ልከታተል» ብትል ብዙ ሐኪሞች ይስማሙባታል። ተሰብሮ -2.9 ላይ ያለ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

መንጋጋው

አክስቴን ያስፈራቸው ይህ ነበር። ብዙ ሰውም የሚያስፈራው ይኸው ነው። ነገሩ እውነት ነው፣ አለ። የመንጋጋ አጥንት በተለይ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አልድን ይልና አጥንቱ ተጋልጦ ለሳምንታት ይቆያል። መዘገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በብዛት የተገኘው ግን የአጥንት መሳሳት ባለባቸው ላይ አይደለም። ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ በገባ ሕሙማን ላይ ነው። እነሱ ዞሌድሮኒክ አሲድን በየወሩ 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው በዓመት አንዴ 5 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ወሬው ሲሰራጭ ግን ይህ ልዩነት መንገድ ላይ ቀረ።

ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ችግሩ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ1 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይታያል ተብሎ ይገመታል። ይህን ለአክስቴ እንዲህ ነበር ያልኳቸው፦ «እትዬ፣ አንድ መቶ ሺህ ሰው የሞላበት ስታዲየም አስቡ። ሁሉም ክኒንዎን እየወሰዱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ መንጋጋቸው የታመመ ሰዎች ቢጠሩ ምናልባት አንድ ሰው፣ ቢበዛ አሥር ሰው ይነሳል። አሁን ደግሞ እንደ እርስዎ ተሰብረው የሚያውቁ ሰዎች ብቻ ስታዲየሙን ይሙሉት። መድኃኒት ሳይወስዱ በዓመቱ ውስጥ እንደገና የተሰበሩ ይነሱ ቢባልስ?» ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «ብዙ ነው?» አሉ። ብዙ ነው። በሺዎች ነው።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚጠበቅ አደጋ አይደለም። መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚነቀል ጥርስ ካለ ቀድሞ ይነቀል፣ ድዱም ይዳን። ከጀመራችሁ በኋላ ለጥርስ ሐኪማችሁ ንገሩ። ጥርስ ማሳጠብና ማስሞላት ችግር የለውም። ጥርስን በየቀኑ በደንብ መቦረሽ ራሱ መከላከያ ነው። ፍርሃቱን ወደ አንድ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ መለወጥ ይቻላል ማለት ነው።

የጭን አጥንትና ሌሎች ጭንቀቶች

«ለአጥንት የተሰጠ መድኃኒት እንዴት አጥንት ይሰብራል?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ነገር ነው የጠየቀው። አፍራሾቹ ለብዙ ዓመት ሲታገዱ ትንንሽ ስንጥቆች ሳይጠገኑ ሊቀሩ ይችላሉ። በጣም አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ከመሃሉ ይሰበራል። ዕድሉ መድኃኒቱ በተወሰደበት ዓመት ብዛት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አስቀምጦታል። 10,000 ነጭ ሴቶች መድኃኒቱን ለሦስት ዓመት ቢወስዱ 149 የዳሌ ስብራት ሳይደርስ ይቀራል፤ 2 እንዲህ ያለ የጭን ስብራት ይመጣል። የእስያ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ደግሞ 91 ይቀራል፣ 8 ይመጣል። ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም፤ ዝርያ ለውጥ እንደሚያመጣም ያሳያል። በሁለቱም ግን ሚዛኑ ያጋደለው ወደ አንድ ወገን ነው።

ይህ ስብራት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ለሳምንታት የሚቆይ፣ የጭን ወይም የብሽሽት ድብን ያለ ሕመም ነው። ይህ ከመጣ «ብርድ መትቶኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪማችሁ ንገሩና ሁለቱም ጭኖች በራጅ ይታዩ። መድኃኒቱ ሲቆም አደጋው ቶሎ ይወርዳል። ለዚህ ነው የመድኃኒት ዕረፍት የሚባለው ነገር የመጣው። ክኒኑ አምስት ዓመት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ሦስት ዓመት ከተወሰደ በኋላ እንደገና ይመዘናል። ስጋታቸው የቀነሰ ሰዎች ያርፋሉ። ስጋታቸው ከፍ ያለ ይቀጥላሉ። «አንዴ ከጀመርኩ ዕድሜ ልክ ነው» የሚለው ጭንቀት ለዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ አይሠራም። መድኃኒቱ አጥንት ውስጥ ለዓመታት መቆየቱ የሚያስፈራቸውም አሉ። ያ መቆየቱ ነው ግን እያረፉም ጥበቃው ለተወሰነ ጊዜ እንዲቀጥል የሚያደርገው።

ጨጓራና የምግብ ቧንቧን በተመለከተ አብዛኛው ነገር ያለው አወሳሰዱ ላይ ነው። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያቆስላል። ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዞ መዋጥ ነው። ከዚያ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መቆየት፤ ለአይባንድሮኔት 60 ደቂቃ። ጋደም ማለት የለም። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ጭማቂ፣ የካልሲየም ክኒን ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱም በትክክል ቢወሰድ እንኳ ከዋጡት ወደ ደም የሚገባው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ወተት ከተከተለው እሱም ይቀራል። በትልልቆቹ ጥናቶች መድኃኒቱን የወሰዱትና አስመሳዩን የወሰዱት ሰዎች ያሰሙት የሆድ ሕመም ቅሬታ ተቀራራቢ ነበር። የመዋጥ ችግር ያለበት፣ የምግብ ቧንቧው የጠበበ ወይም ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው ግን ክኒኑን መውሰድ የለበትም። ለእሱ በደም ሥር የሚሰጠው አለለት።

በደም ሥር የሚሰጠው ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የመጀመሪያውን ጊዜ ከሚወስዱት ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ጉንፋን የመሰለ ስሜት ይሰማዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ፓራሲታሞል ይረዳል። በሁለተኛው ዓመት በጣም ይቀንሳል። ቀድሞ የኩላሊት፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ምርመራ መደረግ አለበት።

ሰዎች የማይፈሩት፣ እኔ ግን እንዲጠነቀቁለት የምፈልገው ነገር አለ። ዴኖሱማብ የሚባል በየስድስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ አለ። ጥሩ መድኃኒት ነው። ከቆዳ ሥር ይወጋሉ፣ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ አለቀ። ግን እንደ ቢስፎስፎኔቱ አጥንት ላይ አይቆይም። ሲቆም የታገዱት አፍራሾች በአንዴ ይነሳሉ። ሌላ መድኃኒት ሳይተኩ ያቋረጡ አንዳንድ ሰዎች በርከት ያሉ አከርካሪዎች በአንድ ላይ ተሰብረውባቸዋል። ስለዚህ ይህ መርፌ ከታዘዘላችሁ ገና ሳትጀምሩ «መውጫው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጠሮውንም አታሳልፉ። «ልሞክረውና ካልተመቸኝ እተወዋለሁ» የሚባልለት መድኃኒት አይደለም።

አፍራሾቹን ከማገድ ይልቅ ግንባታውን የሚያነሳሱም አሉ። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ የሚወጉት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት። ሮሞሶዙማብ በወር አንዴ ለአንድ ዓመት ነው፤ ባለፈው ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለያዘው ሰው አይሰጥም። እነዚህ ስጋታቸው በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ናቸው።

«በተፈጥሮ መንገድ አይሆንም ወይ?» ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ እንቅስቃሴ፣ ሲጋራ ማቆም፣ ሁሉም ያስፈልጋሉ። መድኃኒቱም ያለ እነሱ በደንብ አይሠራም። ግን ካልሲየም ለግንበኛ ሲሚንቶ ማቅረብ ነው። አፍራሹ እየቀደመ ከሆነ ሲሚንቶ መከመሩ ግድግዳውን አያቆመውም። እግርን የሚያጠነክርና ሚዛን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ ግን መውደቅን ይቀንሳል፤ ያልወደቀ ሰው ደግሞ አይሰበርም። የአክስቴን ምንጣፍ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስለ ፍርሃቱ ራሱ

አክስቴ አንድ ቀን ያሉኝን ልንገራችሁ። «ክኒኑን ውጬ ብጎዳ በእጄ ያመጣሁት ነው። ወድቄ ብሰበር ግን ዕጣዬ ነው።» ይህ የፍርሃቱ ሥር ይመስለኛል። ያደረግነው ነገር ያመጣው ጉዳት፣ ሳናደርግ ከቀረነው ይልቅ ያንገበግበናል። ለዚህ ነው አሥሩ የስታዲየም ሰዎች ከሺዎቹ በላይ የሚታዩን። አለመጀመርም ውሳኔ መሆኑን የነገርኳቸው ያኔ ነው። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ያለፉት ሦስት ወራት ያለ ስጋት ያለፉ ወራት አልነበሩም።

በአሜሪካ ይህ በአገር ደረጃ ታይቷል። ስለ መንጋጋውና ስለ ጭኑ ዜናው በየቦታው ሲወራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የሚዋጠው ቢስፎስፎኔት ተጠቃሚ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዓመታት ሲወርድ የነበረው የዳሌ ስብራትም ከ2012 በኋላ መውረዱን አቆመ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ሁለቱ መገጣጠማቸው ልብ ይነካል።

ወረቀቱን ስታነቡ አንድ ነገር አስታውሱ። እዚያ የሚጻፈው በጥናቱ ጊዜ የተመዘገበው ቅሬታ ነው፤ አስመሳዩን የወሰዱት ሰዎችም ራስ ምታትና የሆድ ሕመም አለን ብለዋል። «ሊከሰት ይችላል» የሚለውን ስታገኙ ቀጥሎ «ከስንት ሰው?» በሉ። መልሱን ካጣችሁት ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ሥራው ነው። ጭንቀቱ ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ወረቀት ላይ አውርዱት፣ አንድ ፍርሃት በአንድ መስመር፣ በጥያቄ መልክ። «መንጋጋዬ» ብሎ መፍራትና «ይህ የተበላሸ ጥርሴ ቀድሞ ይነቀል?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው መልስ አለው።

ካልጀመራችሁ ደግሞ እባካችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። አትደብቁ። አክስቴ በቀጠሯቸው ቀን «እየወሰዱ ነው?» ሲባሉ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሐኪሙ ያልተዋጠ መድኃኒት ሊመዝን ነው ማለት ነው። እውነቱን የተነገረው ሐኪም ክኒኑን በመርፌ መቀየር፣ ጊዜ መስጠት ወይም አብሮ ማሰብ ይችላል። ቢስፎስፎኔት ለሚጀምር ሰው «ለሦስት ወር ልሞክርና እንነጋገር» ማለትም ያስኬዳል። የአጥንቱ ጥግግት ለውጥ በዴክሳ እስኪታይ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የአጥንት መፍረስን የሚለካ የደም ምርመራ ግን በሦስትና በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ዝም ያለው አጥንት የሚናገርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። መዋጥ ከታመመ፣ ደረት ካቃጠለ፣ ጭን ከታመመ፣ ድድ ላይ ያለ ቁስል ካልዳነ፣ ወይም አፍ አካባቢና ጣት ላይ መደንዘዝ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መደወል ነው።

መጨረሻ ላይ ከአክስቴ ጋር አብረን ሐኪሙ ጋ ሄድን። በወረቀት የጻፏቸው ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው «እስካሁን አልወሰድኩም፣ ይቅርታ» የሚል ጥያቄ ያልሆነ ጥያቄ ነበር። አልተቆጣቸውም። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተላኩ፣ አንድ ጥርስ ተነቀለ፣ ድዱ እስኪድን ተጠበቀ።

አሁን እሑድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ይጠራል። ክኒኑን ውጠው፣ ብርጭቋቸውን ባዶ አድርገው፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «ልጄ፣ ገና 22 ደቂቃ ይቀረኛል» ይሉኛል። «እስቲ አጫውቺኝ።»